የቀዘፋ ማለዳዎችና የብቻ ሳህን

ደብረ ታቦር ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው የለም፤ ውኃው የት አለና። ጣና ከእኛ በታች ነው፣ ከደጋው ተወርዶ ተወርዶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ያ ማሽን ወደ ጂሙ የመጣ ጊዜ ምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ረጅም ብረት፣ ብረቱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትንሸራተት መቀመጫ፣ ፊት ለፊት በወንፊት የተሸፈነ ትልቅ ማራገቢያ፣ ከማራገቢያው የሚወጣ ሰንሰለት ከነእጀታው። የጂሙ ባለቤት ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ አመጣውና ጥግ ላይ አቆመው። ወንዶቹ አንድ ሁለቴ ጎትተው ሳቁበት፤ ወደ ብረት ማንሳታቸው ተመለሱ። ስም ግን ወጣለት፤ «ጀልባዋ» ተባለ።

እኔም ወድጄ አልቀረብኳትም። መብራት ጠፍቶ ነው። የምሮጥበት ማሽን በመብራት የሚሠራ ስለሆነ፣ አንድ ጠዋት መብራት ሲሄድ እግሬ ሥር ቀጥ አለ፤ በአፍንጫዬ ልደፋ ምንም አልቀረኝም። ጀልባዋ መብራት አትፈልግም። የሚያዞራት የጎታቹ ጉልበት ነው፤ ትንሿ ስክሪኗም በባትሪ ድንጋይ ትበራለች። በንዴት ተቀመጥኩና ጎተትኩ። ማራገቢያው ነፋሱን ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ፤ ስክሪኗ ላይ ቁጥሮች መሯሯጥ ጀመሩ። ስነሳ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ መጣሁ።

ጂም ምን እንዳስገባኝም ልናገር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ማለፊያውን አላመጣሁም። ከክፍላችን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሰው ይህን እየነገረ ሊያጽናናኝ ሲሞክር ይብስ ይደብረኝ ነበር። ከዚያ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዲግሪ ኮፒ ሳደርግ እውላለሁ። ማሽኑ ሙቅ ወረቀት ይተፋል፣ እኔ አስተካክዬ አስረክባለሁ። ቤት ስገባ መቀመጥ አቃተኝ። እግሬ አያርፍም፣ አፌም አያርፍም። የጂሙ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ሲከፍት ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ ሆንኩ።

ፈተናው አንድ ቁጥር ሰጥቶኝ ሄደ። ብጮህም ባለቅስም ያው ነው። ጀልባዋ ግን በየጠዋቱ አዲስ ቁጥር ትሰጠኛለች፤ የትናንቱን አታነሳብኝም። ከሁሉ የወደድኩት አምስት መቶ ሜትር በስንት ደቂቃ እየሄድኩ እንደሆነ የምትናገረውን ነው። ስጀምር ሦስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። ስጨርስ ስክሪኗን በስልኬ ፎቶ አነሳታለሁ። ስልኬ ውስጥ የእኔ ፊት ከሞላ ጎደል የለም፤ ያለው የጀልባዋ ፊት ነው።

መሻሻል የሚሉት ነገር እንዲህ ቀስ ያለ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ትምህርት ቤት የለመድነው ማለፍና መውደቅ ነው። እዚህ አንድ ሳምንት ሁለት ሰከንድ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰከንድ ይወጣል። እንቅልፍ ካጣሁ ይወጣል፣ የወር አበባዬ ከመጣ ይወጣል፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ይወጣል። የአንዱን ቀን ፎቶ ብቻ ካየሁ ስልኩን መወርወር ያምረኛል። የሁለት ወሩን በጣቴ እየገፋሁ ካየሁ ግን ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ግልጽ ነው። ሲወርድ ያየሁበት ቀን የለም፤ ወርዶ ግን አገኘዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ከማራገቢያው ጎን ጉተታውን የሚያከብድና የሚያቀል፣ ከአንድ እስከ አሥር የተጻፈበት ማንሻ አለ። እኛ ሴቶቹ፣ ማንም ሳይነግረን፣ አሥር ላይ አደረግነው። እዚህ አገር ሥራ ማለት ከባድ ነገር ነው፤ ቀሎ የተሠራ ነገር እንደ ሥራ አይታይም። ወገቤ ተቆርጦ የሚወድቅ እስኪመስለኝ በክንዴ ብቻ ስጎትት ከረምኩ። በኋላ ስልኬ ላይ የቀዛፊዎችን ቪዲዮ ሳይ ጉልበቱ ከእግር እንደሚመጣ ገባኝ፦ መጀመሪያ እግር ይገፋል፣ ቀጥሎ ወገብ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ክንድ መጨረሻ ነው። ማንሻውን አራት ላይ ዝቅ ባደርገው ፈጠንኩ። ለሴቶቹ ብነግራቸው አንዷም አላመነችኝም። ሰነፈች አሉኝ።

ያመኑኝ አንዲት ሙስሊም እህል ነጋዴ ብቻ ናቸው። እናቴን በዕድሜ ትንሽ ያንሳሉ፤ «እትዬ» ነው የምላቸው። ሐኪም ተንቀሳቀሺ ብሏቸው ነው የመጡት፤ ጀልባዋን ከእኔ ጋር ይፈራረቁባታል። ትውልዳቸው ይፋግ ነው። አንድ ጠዋት እስካሁን የጎተቱትን ሜትር ሁሉ ደምሬ ብነግራቸው፣ ይኸን ጊዜ መሬት ላይ ቢሆን እናታቸው ቤት ደርሰው ምሳ በልተው ነበር አሉኝ። እዚያው ጂሙ ጥግ መቅረታቸው እንደሚያናድዳቸውም ጨመሩ።

ስክሪኗ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ ካሎሪ ነው። ጂም ውስጥ ካሎሪ እንደ ቆሻሻ ነው የሚወራው፤ ሁሉም ሊያቃጥለው፣ ሊያራግፈው ነው የሚመጣው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ ደስ ይለኛል፣ ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን አላውቅም። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳነብ ካሎሪ ሌላ ምንም እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ምግብ ውስጥ ያለው ጉልበት ነው፣ ልክ እንደ ነዳጅ። ስተኛም ይነድዳል፣ ወረቀት ሳገላብጥም ይነድዳል። ከዚያ ያስደነገጠኝን ነገር አሰላሁ። ግማሽ ሰዓት ነፍሴ እስክትወጣ የጎተትኩት አንድ እንጀራ አይሞላም። አንድ እንጀራ፣ ያውም ያለ ወጥ። በዚያ ላይ ጀልባዋ ክብደቴን አትጠይቀኝም፤ ማንም ይቀመጥ ማን ከእኔ የከበደ ሰው እንደተቀመጠባት አድርጋ ነው የምትገምተው። ለእኔ ቢጤዋ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል።

ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ተቀየሙኝ። በተለይ ሁዳዴ ሲመጣ እንከሳለን ብለው የጠበቁት። ጾም ነውና ሥጋና ወተት የለም፣ ግን ዳቦው፣ ፓስቲው፣ በዘይት የራሰው ነገር ሁሉ አለ፤ ከፋሲካ በፊት ቀሚስ የሚጠባቸው ነበሩ። እኔ ግን ችግሬ የተገላቢጦሽ ነበር። እኔ መክሳት አልነበረብኝም።

እዚህ ላይ እናቴ ትገባለች። ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ወንድሜ ባሕር ዳር ሥራ ይዟል። እናቴ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጋፋት በኩል ለእኩል የሰጠናት ትንሽ ማሳ አለችን፣ ድንችና ገብስ ይመጣልናል። ለእናቴ መክሳት ማለት ማማር አይደለም። ታናሽ እህቷ፣ እኔ ሳልወለድ፣ በሳንባ በሽታ እንደ ሻማ አልቃ ነው የሞተችው። መንገድ ላይ ሰው «ምነው ልጅሽ ከሳች?» ካላት ያን ቀን እራት አይበላም፤ እኔን ስታገላብጥ ታመሻለች።

ጀልባዋን ከጀመርኩ ወዲህ ጉንጬ ገባ፤ እውነቷን ነው። የሁዳዴ ቅበላ ላይ ቁርጡን ነገረችኝ።

«እስከ ፋሲካ ከከሳሽ እዚያ ቤት እግርሽ አይረግጥም። በጾም ላይ ጀልባ!»

«ካልከሳሁስ?»

«ካልከሳሽ አፌን እዘጋለሁ።»

አፏን የምትዘጋ ሴት አይደለችም፤ ስለዚህ ስምምነቱ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ጀልባዋን ብነጠቅ ምን እንደሚቀረኝ አውቃለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ነው የሚቀረኝ። እሺ አልኩ፣ ግን በሚዛን ይሁን አልኩ፤ በዓይንሽ አይደለም። እሷ ደግሞ የጂሙን ሚዛን አላምንም አለች፤ የእነሱ ናት፣ የፈለጉትን ትናገራለች። በመጨረሻ እትዬ ሱቅ፣ የጤፍ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ተስማማን።

ቅዳሜ ነበር፣ ገበያው ደምቋል። ጫማዬን አውልቄ ገበሬዎች መሀል ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ።

«ማኛ ናት ሰርገኛ?» ብለው እናቴን ጠየቁ።

«ገና ያልተነፋች ናት፤ ገለባዋ ይበዛል» አለች እናቴ።

ገበሬዎቹ ሳቁ። አርባ ሰባት ኪሎ ሆንኩ። እትዬ እናቴንም ካልመዘንኩ አሉ፤ ልጅሽን አጋልጠሽ አንቺ ልታመልጪ ነው ወይ አሏት። ወጣች፣ ሃምሳ አራት። ተሳስቀን ተለያየን።

ከዚያ መብላት ሥራዬ ሆነ። የረመዳን ጾምም ከእኛው ጾም ጋር ገጥሞ ስለነበር እትዬ ጀልባዋን ለእኔ ትተው አጠገቤ ተቀምጠው ያወሩኛል። እኔ ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው የምጎትተው፤ ስለዚህ ጉልበቱ ከማታው መምጣት አለበት። ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ። ሽሮ ስንት ጭልፋ፣ ዘይት ስንት ማንኪያ፣ ድንች ስንት ፍሬ እያልኩ አስገባለሁ። ሱፍ በደንብ ጉልበት እንዳለው ሳውቅ የሱፍ ፍትፍት አዘወተርኩ፤ በሶ በስኳር፣ ተልባ፣ ዳቦ። «ጨምሪልኝ» እላታለሁ እናቴን፤ ትጨምርልኛለች።

አንድ ነገር ግን አላስቆጥር አለኝ። እኔና እናቴ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ እንደ ሰው ሁሉ። ከአንድ ትሪ ስትበላ ስንት እንደበላህ አታውቅም። እንጀራው ከእኔ በኩል አልቆ ይሁን ከእሷ በኩል ማን ያውቃል። በዚያ ላይ ታጎርሰኛለች። ወሬ ጀምሬ አፌን ስከፍት ጉርሻ ይገባል። አፑ ውስጥ ብፈልግ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም። አንድ ማታ ተናድጄ ተነሳሁና የራሴን ሳህን አመጣሁ፤ ለክቼ ቀነስኩ፣ ከትሪው ራቅ ብዬ ትንሿ በርጩማ፣ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ እጇን ሳትሰድ ቆየች።

«ተጣላን እንዴ?» አለችኝ።

እንዳልተጣላን፣ ለመቁጠር እንደሆነ አስረዳኋት። በደንብ ነው ያስረዳሁት፤ የአፑን ቀለማት ሁሉ አሳየኋት። ሰማችኝ። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትሪውን ከደነችው፤ ኋላ እበላለሁ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስበላ እሷ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ጓዳ ትገባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ኋላ እበላለሁ ትላለች። እኔ ሳህኔን እየቆጠርኩ ነበር። የሰው ትሪ አላየሁም።

ጀልባዋ ላይ ግን ያን ጊዜ የመሰለ ጊዜ አላየሁም። አምስት መቶ ሜትሯ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወረደች። ጾሙ ሲጋመስ አንድ ሳምንት ቆማ አስለቀሰችኝ፤ ዳቦ ጨመርኩ፣ ተንቀሳቀሰች። ትከሻዬ ሰፋ። የድሮ ሸሚዜ እጅጌው ላይ ጠበበኝ። አፑ በየማታው አረንጓዴ ይሆንልኛል፤ ልክ ነሽ ማለቱ ነው። ከፈተናው ወዲህ ልክ ነሽ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ሕማማት ሳይገባ ይለይልን ብለን፣ እትዬ ሱቅ ሄድን። ወጣሁ፤ አርባ ዘጠኝ። ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ በጾም፣ እየቀዘፍኩ። ገበሬው ሁሉ ይስማኝ ብዬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ ፊቴን በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው።

«ሚዛኑስ ይሁን፤ ጉንጭሽ ግን የለም» አለች፤ ግን እየሳቀች ነው። አሸንፌያለሁ።

እትዬ አልሳቁም። እናቴን ነበር የሚያዩት። አንቺም ውጪ አሏት። ቸኩያለሁ፣ ገበያው ሊበተን ነው አለች። እትዬ ክንዷን ያዙ፤ ሲይዙት ጣቶቻቸው ዙሪያውን ዞረው ሲገናኙ አየሁ። ጎትተው አወጧት።

አርባ ስምንት።

«ሚዛኑ ተሳስቷል» አለች እናቴ።

«እቴ» አሏት እትዬ ቀስ ብለው፣ «ይኸ ሚዛን የሚሳሳት ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ በሕይወት አልቆይም ነበር።»

እናቴ ወርዳ ነጠላዋን አጣፋች። ከእናቴ በአንድ ኪሎ በልጬ መንገዱን ከኋላዋ ሄድኩ። ነጠላ ስለምትደርብ አላየኋትም ማለት እችል ነበር። ግን ዓይኔ ጾሙን ሙሉ ሳህኔ ላይ ነበር፤ ለዚያ ነው ያላየኋት። ካሎሪ ከየትም ብድግ ብሎ እንደማይመጣ ስንት ጊዜ ለሴቶቹ ሰበክሁ። እቤቴ የሚበስለው ግን ድሮ ከሚበስለው ብዙም አልጨመረም ነበር። እኔ «ጨምሪልኝ» ስል ከየት እየተጨመረልኝ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጸጸት አይደለም፤ ንዴት ነው። ደጁን ዘግቼ ጠየቅኋት። ስድስት ኪሎው የት ሄደ? ጾም ነው አለች። አምናም ጾመሻል፣ እንዲህ አልሆንሽም አልኳት። ዕድሜ ነው አለች። እኔ ስበላ ስንት ቀን ሳትበዪ አደርሽ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት ሰምቷል። ይሄ ደግነት አይደለም፣ ማታለል ነው፤ የቆጠርኩትን ሁሉ ውሸት አደረግሽብኝ አልኳት። አሁን ደግሞ ሰሙነ ሕማማት ገባ፣ ልትሰግጂ ነው፣ በምን ጉልበትሽ? ወድቀሽ ልትቀሪብኝ ነው?

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ለእኔ ብላ የራበች መስሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ምግቡ ሊበላሽ ስለሆነ ወደ አንቺ ሰደድኩት እንጂ እኔስ መዋጥ አቅቶኝ ነው አለች። ከዚያ፣ ስለ እህቷ ያልነገረችኝን ነገረችኝ።

«ታናሽ እህቴ ስትታመም ሳህኗን ለዩባት። ይተላለፋል ተባለ። እኛ ሁላችን ከትሪው፣ እሷ ጥጉ ላይ ለብቻዋ፣ ዱካ ላይ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ይርበኛል፣ እበላለሁ። እሷ እያየችኝ እበላለሁ። አንቺ ያን ሳህን ይዘሽ ዱካው ላይ ስትቀመጪ እኔ ምን ልዋጥ?»

«እኔኮ አልታመምኩም፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ጉሮሮዬ ግን አያውቅም።»

 

ያን ማታ ሳህኑን አጥቤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ድንች ቀቀልኩ፣ ሽሮውን ትሪው መሀል አፈሰስኩ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እሷ ስትቆርስ እቆርሳለሁ፣ ስታቆም አቆማለሁ። ሦስት ጊዜ ብላ ስታቆም እኔም አቆምኩ። አየችኝ። ራበሽ አይደል አለችኝ፤ አዎ በጣም አልኳት። ተሳደበችና ቆረሰች። እንዲህ እያልን ትሪውን ጨረስነው። ስንት ካሎሪ እንደሆነ አላውቅም፤ ግማሹ የእሷ እንደነበር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሳምንቱን ጂም አልሄድኩም። እንድትሰግድ አልከለከልኳትም፤ ብከለክላትም አትሰማኝም። አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ሲደክምሽ ትቀመጫለሽ አልኳት። የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን። እኔ ጀልባ የለመድኩ ነኝ ብዬ በፍጥነት ጀመርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ጉልበቴ ከዳኝ። እናቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ዓይነት ነበረች፤ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ወገቧ ይከተላል፣ እጇ መሬት ይነካል፣ ትነሳለች። እንዲህ ያለ እርጋታ ጂም ውስጥ አይቼ አላውቅም። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ስትነሳ ትንሽ ተንገዳገደች። እጄን ዘረጋሁ። ልትገፋኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ያዘችኝና ጥላው ውስጥ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሰው እየሰገደ ነው። ለእሷ መቀመጡ ከመስገዱ ይልቅ እንደከበዳት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ጀልባዋ ተመለስኩ። ስለ ስምምነታችን ማናችንም አላነሳንም፤ አንድ ጠዋት «አይረፍድብሽም?» አለችኝ፣ በቃ። ቁጥሬ ወደ ኋላ ሄዷል፣ በዓሉም ከብዶኝ ነበር። አፑን አጥፍቼዋለሁ። የምበላውን አላውቅም፤ የምጎትተውን ግን አሁንም አያለሁ፤ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ሰው ወደ አፉ የገባውን ሁሉ መቁጠር አለበት ብዬ አምን ነበር። አሁን አንዳንዱን ነገር ከቆጠርሽው ሌላው ከዓይንሽ ይወጣል ብዬ አስባለሁ፤ የትኛውን መቁጠር እንዳለብኝ ግን ገና አልለየሁም።

እናቴን በየወሩ እትዬ ሱቅ እወስዳታለሁ። እያጉረመረመች ትሄዳለች። የመጀመሪያው ወር ላይ ስትወጣ ሚዛኑ ሃምሳ ሁለት አለ። በአንድ ወር አራት ኪሎ። ልጮህ ስል እትዬ ዝም በይ ብለው ጠቀሱኝና እናቴን ዞረው ዞረው አዩዋት። ጋቢዋን ገለጥ አደረጉ። መቀነቷ ውስጥ፣ ወገቧ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር በግራና በቀኝ ተቋጥሯል።

«ከገበያ ገዝቼ ነው» አለች እናቴ።

«ብዪው እንጂ አትልበሺው» አሏት እትዬ።

ስኳሩን ተቀብዬ እንደገና አወጣኋት። ሃምሳ። ከነበረችበት የጨመረችው ሁለት ኪሎ ነው። ትንሽ መሆኑን እሷም አወቀችው፤ ለዚያም ነው ስኳሩን የታጠቀችው፣ እኔ ደስ እንዲለኝ። ሁለት ኪሎ በወር ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው አልኳት። አላመነችኝም። እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በአንዴ አይሆንም፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይላል አልኳት። ማን እንዲህ አለሽ አለችኝ። ቤት ስንደርስ ሻይ አፈላሁ፤ ከስኳሩ አንዱን ፈትቼ ብርጭቆዋ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ። አማሰለች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጠጣችው።